የእቴቴ ሳሎንና ምናለሽ ተራ

ምናለሽ ተራን ያወቅሁት በዘነዘና ሰበብ ነው። ታላቅ ወንድሜ የእናታችንን የቡና ዘነዘና ለቆራሌው በስሙኒ ሸጠው፤ ስሙኒዋንም በደስታ ከረሜላ ጨረሳት። እናቴ ቡናውን ቆልታ፣ ጭሱን ለእንግዶቹ አዙራ፣ ሙቀጫው አጠገብ ቁጭ ስትል የምትወቅጥበት የለም። ቤቱ ተገለባበጠ፣ አልጋ ሥር ታየ፣ ጎረቤት ተጠየቀ። ወንድሜ ጉንጩ ውስጥ የቀረችውን ከረሜላ ለመዋጥ ሲታገል ተያዘ።

ለአዲስ አበባ ልጅ ስለ ቆራሌው ማስረዳት አያስፈልግም። ጆንያውን በትከሻው ጣል አድርጎ "ቆራሌው!" እያለ በየበሩ የሚያልፈው ሰው ጠርሙስ፣ ጣሳ፣ ብረት፣ የተቀደደ ጫማ፣ ጆሮው የወለቀ ድስት ይገዛል። ልዋጮች ደግሞ ያረጀ ልብስ ወስደው ብርጭቆ ወይም ሳፋ ይሰጣሉ። በሰፈራችን ሲያስቸግር "ለቆራሌው ነው የምሸጥህ!" ያልተባለ ልጅ አልነበረም። ያ ሁሉ ጆንያ ሙሉ ዕቃ ማታ የት እንደሚገባ ግን ጠይቄ አላውቅም።

የምታውቀው እቴቴ ነበረች። እቴቴ የምንላት የእናቴን ታናሽ እህት ነው፤ በአንድ ግቢ፣ ከእኛ ቤት ጋር ግድግዳ በምትጋራ አንዲት ክፍል ትኖር ነበር። "ዘነዘና እግር የለውም፤ ያለበትን እኔ አውቃለሁ" አለችና ነጠላዋን አጣፍታ እጄን ያዘች። ጊዜው 1984 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ከወደቀ ገና ዓመት አልሞላውም።

ከሰፈራችን ከተክለ ሃይማኖት መርካቶ በእግር ቅርብ ነው፤ ምናለሽ ተራም እዚያው መርካቶ ውስጥ ነው። አያታችን ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ሲያዛውረው ያዩ ሰው ስለነበሩ፣ መርካቶን እስከ መጨረሻው እንደ ትናንት መጤ ነበር የሚቆጥሩት። እኔ ግን ዓለም ሲፈጠር አብሮ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር። ምናለሽ ተራ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ሰው ሁሉ ይቀጠቅጣል። በርሜል ተሰንጥቆ፣ ተዘርግቶ፣ በመዶሻ ተደብድቦ ላሜራ ይሆናል፤ ላሜራው ከሰል ማንደጃ፣ አካፋ፣ የምጣድ ክዳን ይሆናል። የመኪና ባሌስትራ እሳት ገብቶ ቢላዋና መጥረቢያ ሆኖ ይወጣል። የተጣመመ ፌሮ እየተመታ ይቃናል። ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። በትምህርት ቤታችን ግቢ ተንጠልጥሎ፣ በብረት እየተመታ የሚያስገባንና የሚያስወጣን የመኪና ቸርኬ ነበር፤ የእሱን ዘመዶች ሁሉ አንድ ላይ ተከምረው ያየሁት እዚያ ነው።

ዘነዘናም ሞልቷል። አንድ ነጋዴ ፊት ለፊት ረጅሙም አጭሩም፣ ጫፉ የደደረውም የተበላውም ተደርድሯል። እቴቴ ቁጢጥ ብላ እያንዳንዱን አነሣች፣ ድንጋይ ላይ ቀጭ እያደረገች ድምፁን ሰማች። በመጨረሻ አንዱን ያዘችና "ይኸው ነው! የእኛው ነው" አለች።

"የእርስዎ ከሆነ በሁለት ብር ይውሰዱት፣ እትዬ።"

"የገዛ ዕቃዬን?"

"የእርስዎ ካልሆነማ ሦስት ብር ነው።"

እቴቴ ሳቀች፤ ነጋዴውም ሳቀ፤ ሁለቱን ብር ከፈለች። የእኛው ይሁን የሌላ፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እናቴ ቤት ስንመለስ ገና እጇ ላይ ስታስገባው "ቀልሏል" ብላ ነበር።

ልንመለስ ስንል ግን እቴቴ ቆመች። ከአንድ ሸራ ላይ፣ ከቧንቧ ቁርጥራጭና ከዛገ ቁልፍ መሀል፣ የመድፍ ቀለህ ተገትሯል። ቁመቱ ጉልበቴን ያልፋል፤ ጥላሸት መስሏል፤ አፉም በአንድ በኩል ጠመም ብሏል። በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለው ዕቃ መርካቶን አጥለቅልቆት ነበር። ከተበተነው ጦር እጅ ያልወጣ ነገር የለም፤ ኮዳው፣ ካፖርቱ፣ ብርድ ልብሱ፣ ታጣፊው አልጋ ሁሉ ገበያ ላይ ነው። እቴቴ የቧንቧውን ዋጋ ጠየቀች። የቁልፉን ጠየቀች። መንገድ ከጀመረች በኋላ ድንገት ትዝ እንዳላት ዞር ብላ "ይሄስ ምንድነው?" አለች። ነሐስ ነው፣ በኪሎ ነው አላት። "ነሐስ ከሆነ ምን አጠቆረው?" አለችው። ከዚያ በኋላ ያለውን ክርክር አልተከታተልሁም፤ የማስታውሰው ቀለሁን እኔ አቅፌው፣ ዘነዘናውን እሷ ይዛ ቁልቁል ስንወርድ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየን ነው።

እናቴ ስታየው ጮኸች። እውነቷን ነው። ግንቦት 27 ቀን 1983 ንፋስ ስልክ አካባቢ የነበረው የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ስንት ሰው ፈጅቷል። የ1977ቱን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ክንዱን ያጣው በዚያ ፍንዳታ ነው። ከዚያ በኋላ በከተማው ውስጥ ብረት የሚመስል ነገር መሬት ላይ ሲያይ ክንዱን ዘርግቶ ልጆቹን የማያስቆም ወላጅ አልነበረም። "ይህን ነገር ከቤቴ አውጪልኝ!" አለች እናቴ። እቴቴ "ተኩሶ የጨረሰ ነው፤ ጡረታ እንደ ወጣ ሰው ቁጠሪው" አለቻት።

ያን ቀን ማታ አመድ በሎሚ ለወሰችና ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ቡትቶ ጨርቅ ይዤ ማሸት ጀመርሁ። መጀመሪያ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ሄደ፤ ከዚያ ቡናማው ሥር ቢጫ ጠብ የምትል ነጥብ ታየች። ነጥቧ ሰፋች። እጄ በሎሚው እየተቃጠለ ማቆም አልቻልሁም። ቂጡ ላይ በጥላሸት ተደፍነው የነበሩ ቁጥሮችና የማላውቃቸው ፊደሎች አንድ በአንድ ወጡ። በማግስቱ እቴቴ የፊላ ዘንጎች አምጥታ ከተተችበት፤ ከሳሎኗ ጥግ ቆመ፤ እናቴም በሳምንቱ ቡና ልትጠጣ ስትገባ አጠገቡ ተቀመጠች።

ሳሎን ማለቴ ለአፍ ልማድ ነው። ክፍሏ አንድ ናት፤ መጋረጃ መሀሏን ከፍሎ ከወዲያ አልጋ፣ ከወዲህ ሳሎን። ቤቱም የእኛ አልነበረም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች አንዱ ስለሆነ ባለቤቱ ቀበሌ ነው። ኪራዩ ጥቂት ብር ነው፤ ግድግዳ ለማደስ ወይም ቆርቆሮ ለመቀየር ግን ፈቃድ ይጠየቃል፤ ለፈቃዱም መመላለስ አለ። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ጭቃውን ጋዜጣ ለጥፎበት፣ ኮርኒሱን አቡጀዲ ወጥሮበት፣ ልቡን ተነሥቶ በሚሄደው ዕቃ ላይ ያደርግ ነበር። የዚያን ዘመን የቀበሌ ቤቶች ከውጭ ሲያዩአቸው ሁሉም አንድ፣ ከውስጥ ግን አንዱ ከአንዱ የማይገናኙ የነበሩት ለዚህ ይመስለኛል። አንዷ ቤቷን በዳንቴል ታለብሰዋለች፤ ሬዲዮው ዳንቴል፣ ሶፋው ዳንቴል፣ የውኃ ማሰሮው ክዳን ዳንቴል። ሌላዋ "እንኳን ደህና መጡ" የሚል ጥልፍ ትሰቅላለች። እቴቴ ምናለሽ ተራ ትወጣለች።

ከቀለሁ በኋላ የመጣው የጥይት ሳጥን ነው፤ የሩሲያ ፊደል የተጻፈበት አረንጓዴ ጣውላ። ቀለሙን ፍቃ፣ ላዩን በሳልቫጅ ካፖርት ጨርቅ ለብጣ፣ ውስጡን በጥጥ ሞልታ ለሁለት ሰው መቀመጫ አደረገችው። የኒዶ ጣሳዎች ሥራቸው ተበስቶ የአበባ መትከያ ሆነው በመስኮቱ ሥር ተደረደሩ። አንድ ሰሞን ደግሞ የመኪና ጎማ በገመድ ጠምጥማ ወንበር ሠርታ ነበር፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቤቱ ጋራዥ ጋራዥ ሸተተና ለዘበኛው ተሰጠ። ስለዚያ ወንበር ብዙ ማውራት አትወድም።

ከሁሉም ያስቀን የነበረው የቆርቆሮ ሳጥኗ ነው። ምናለሽ ተራ የሚሠሩት ሳጥኖች በዕርዳታ የገባ የዘይት ቆርቆሮ ተዘርግቶ፣ ተያይዞ የሚሠሩ ነበሩ። ኅትመቱ ሳይፋቅ ስለሚቀር የሳጥኑ አንድ ጎን ፊደሉ ቀጥ ብሎ ይነበባል፣ ሌላው ጎን ይዘቀዘቃል፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ ግማሽ ቃል ብቻ ይቀራል። እቴቴ ገዝታ ያመጣችው ሳጥን ላይ ወንድሜ እንግሊዝኛውን እየተንተባተበ አነበበው፤ ከአሜሪካ ሕዝብ የተሰጠ፣ የማይሸጥ፣ የማይለወጥ ይላል። "እቴቴ፣ አይሸጥም ይላል እኮ!" አላት። ዘነዘና ሻጩ እሱ መሆኑን ረስቷል። እቴቴም ነጭ ቀለም እየበጠበጠች "ዘይቱን ነው እንጂ ቆርቆሮውን አላለም" አለችው። በነጩ ላይ በሰማያዊ የወይን ሐረግ ሣለችበት፤ ነጠላዎቿንና የበዓል ቀሚሷን አስቀመጠችበት። ቀለሙ በሳሳበት ቦታ ግን ያ "የማይሸጥ" የሚለው ጽሑፍ ከሐረጉ ሥር ለዓመታት ያጮልቅ ነበር።

ሲንጀሩን ሳልናገር ባልፍ ትቆጣለች። መኪናው ከላዩ ተነቅሎ የሄደ፣ እግሩ ብቻ የቀረ የልብስ ስፌት ነበር፤ የብረት ሐረጉ፣ መርገጫው፣ በጎኑ ያለው ትልቁ ሽክርክሪት፣ መሀሉ ላይ በብረት ፊደል የተጻፈው ስሙ፣ ሁሉም በዝገት አንድ ሆኗል። በላምባ ተነክሮ አደረ፤ ከዚያ በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ተፈተገ፤ በመጨረሻ ጥቁር ቀለም ተቀባ። ላዩ የሚሆነው እንጨት ደግሞ ከፈረሰ ቤት የወጣ በር ነው። መርካቶ ያገለገለ በርና መስኮት የሚሸጥበት ቦታ ሄዳ፣ ስንት ጊዜ ቀለም የተደራረበበትን፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን መርጣ ገዛች። አናጢው "ይህን ከሚልጉ አዲስ ጣውላ ቢገዙ ይሻላል" አላት። እሷ በጥፍሯ ጥግ ላይ ጫር አድርጋ አሸተተችው። ጥድ ነው። የድሮ ሰው ቤቱን በጥድ ነበር የሚሠራው። አናጢው መላጊያውን ሲገፋ አረንጓዴው ሄደ፣ ክሬሙ ሄደ፣ ቡናማው ሄደ፤ ከዚያ ቀይማ እንጨት ወጣና ግቢው በሙሉ ዕጣን እንደታጠነ ሸተተ። ጎረቤቶች ምን እየተቃጠለ ነው ብለው ወጡ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው የቤት ሥራዬን ስሠራ ያደግሁት፤ እግሬ መርገጫውን እየረገጠ፣ ሽክርክሪቱ ባዶውን እየዞረ። ሒሳብ ሲከብደኝ ፍጥነቱ ስለሚጨምር እቴቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና "ማካፈል ላይ ደረስሽ?" ትለኝ ነበር።

መምረጥ የተማርሁትም ከእሷ ነው። ዕቃ ይነሣል፣ ይመዘናል፣ ይመታል፣ ይሸተታል። የሚያብረቀርቅ አይታመንም፤ ቀለም የሸፈነውን አያውቁም። የምትፈልጊውን ዕቃ ዓይኑን አትዪው፤ አጠገቡ ያለውን ተጫረቺ። ነጋዴውን አትስደቢ፣ ዕቃውን ግን ስደቢ። ሁለቱ ተደባልቀውባቸው ነገሩ የሚበላሽባቸው ሰዎች አይቻለሁ። ከእኔ ጋር ስትወጣ ሌላ ሕግም ነበራት፦ ቤት ሲጠይቁሽ ከየት እንደመጣ አትናገሪ።

ይህን የመጨረሻ ሕግ ብንጠብቅም አንድ ቀን ልንጋለጥ ነበር። ምናለሽ ተራ አንድ የድሮ ፊሊፕስ ሬዲዮ ቀፎ አግኝታ ነበር፤ ሆዱ ተዘርግፎ የወጣ፣ ፊቱ ላይ ጨርቁ የተቀደደ፣ የእንጨት ሳጥን። ውስጡን በወረቀት ለብጣ ሲኒ መደርደሪያ አደረገችው፤ ከጨርቁ ቦታ ትንሽ መጋረጃ ሰቀለች። በጎረቤታችን አንድ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሼ ነበር የምንላቸው። አንድ እሑድ ለቡና ተጠርተው ገቡ። ሲኒው ሲወጣ ዓይናቸው ሳጥኑ ላይ አረፈ። ዝም አሉ። ሁለተኛ ሲቀዳ "ይቺ የእኔን ሬዲዮ ትመስላለች" አሉ። እቴቴ "ሬዲዮ ሁሉ አንድ ነው፣ ጋሼ" አለች። "የእኔ እዚህ ጋ በሲጃራ ተቃጥላ ነበር" አሉና ተነሥተው በአውራ ጣታቸው ጥጉን ዳሰሱ። እዚያው ነበረ፤ ጠባሳው። እቴቴ በቡና ቀለም ሞልታው ስለነበር የሚያውቅ ሰው ካልሆነ አያየውም። ከዚያ እጃቸው በልማድ ወደ ቀኝ ሄዶ የሌለውን ማዞሪያ ያዘ፣ ጣቢያ እንደሚፈልግ ሰው ትንሽ ዞር አደረገው። እኛ ልጆቹ ትንፋሻችንን ዋጥን። ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡና "ቆራሌው ሦስት ብር ነበር የሰጠኝ" አሉ፤ "አንቺን ስንት አስከፈለሽ?" እቴቴ ጀበናውን እያዘነበለች "ስምንት" አለች። ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ወደ ቤቷ ሲገቡ ሳጥኑን "ዛሬ ዜና የለም?" ሳይሉት አይቀመጡም ነበር።

እቴቴ ምሥጢሩን የምትጠብቀው በኩራት ነው። ሰው "ከየት አገኘሽው?" ሲላት "ዘመድ ሰጠኝ" ትላለች። አሁን አሁን ቦሌ አካባቢ ዛጎል የመሰለ ካፌ ስገባ ይህ ትዝ ይለኛል። በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ ወንበር ሆኗል፣ ፋኖስ ተገልብጦ አምፖል ገብቶበታል፣ የሲንጀር እግር ላይ እብነ በረድ ተጭኗል። ጥሩ ነው፤ አልቀናም። የማኪያቶው ዋጋ ብቻ የምናለሽ ተራን ሰው ያስቀዋል። አንድ ነገር ግን ለየት ይልብኛል፦ ዝገቱን ሆን ብለው ይተዉታል። ላዩ ላይ ቫርኒሽ ቀብተው እንዳይጠፋ ይጠብቁታል። እቴቴን አንድ ቀን ይዣት ገባሁ፤ የተቀመጠችበትን በርሜል በጣቷ ዳብሳ ጣቷን አየችና "ሳይጨርሱት ነው እንዴ የከፈቱት?" አለችኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ስለ እሷ ሳወራ ሰዎች "አሮጌ ነገር ትወዳለች ማለት ነው" ይሉኛል። እቴቴ አሮጌ ነገር ወድዳ አታውቅም። ዝገት ያሳፍራታል፤ የተላጠ ቀለም እንደ ተቀደደ ቀሚስ ስለምታየው መርፌ ሳትይዝ አታልፈውም። ምናለሽ ተራ የምትወጣው አዲስ መግዛት ስለማትችል ነበር፤ ይዛ የምትመለሰውን ዕቃ ደግሞ አዲስ እስኪመስል ድረስ አታስቀምጠውም። ለእኛ ዛሬ ውበቱ ያለፈውን ዕድሜ ማሳየቱ ነው፤ ለእሷ ማስረሳቱ ነበር። የትኛው እንደሚበልጥ ለመፍረድ አልቸኩልም። ቤቴ ያለው የነሐስ ትሪ ጠቁሮ ሳለ ደስ ይለኛል፤ እሷ ለጥየቃ በመጣች ቁጥር ግን ሎሚ ታስቆርጠኛለች።

የተክለ ሃይማኖቱ ግቢያችን ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ እቴቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት አገኘች። ሊፍት የለም። ጎረቤቶቿ አሮጌ ዕቃቸውን ትተው፣ በዱቤም ቢሆን አዲስ ሶፋ ገዝተው ነው የገቡት። እሷ ሁሉንም ጫነች። ቀለሁ ወጣ፣ የጥይት ሳጥኑ ወጣ፣ የቆርቆሮው ሳጥን ወጣ። ሲንጀሩ ላይ ሲደርሱ ተሸካሚዎቹ ተያዩና ለእሱ ብቻውን ሦስት መቶ ብር ጠየቁ።

"ስገዛው ሠላሳ አምስት ብር ነው!" አለች።

"ያኔማ፣ እማማ፣ በሠላሳ አምስት ብር በግ ይገዛ ነበር።"

"በግ ቢሆንማ በራሱ እግር ይወጣ ነበር" አለችው። ልጁ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ የሲንጀሩን እግር ትታ የፍራሹን ዋጋ ትጠይቀው ጀመር። ከብዙ ክርክር በኋላ በመቶ ሰማንያ ተስማሙ፤ ፍራሹንም ጨምሮ።